በየደረስንበት እየቆምን፦ ከአጎቴ ጋር ከቨርጂኒያ እስከ ሎስ አንጀለስ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሞልቶኛል። በእነዚህ ዓመታት መኪናዬ የሚቆመው ተሳፋሪው «እዚህ ጋ» ሲል ብቻ ስለነበር፣ እኔ በራሴ ፈቃድ አንድ ነገር ለማየት ብዬ ዳር ይዤ የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለፈው ክረምት ከደሴ የመጡት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሎስ አንጀለስ ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱበት ጊዜ ሲደርስ የአውሮፕላን ቲኬት ልቆርጥላቸው ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን «ከቦሌ እስከዚህ ያየሁት ደመና ነው፤ አሁንስ መሬቱን አሳየኝ» ብለው እንቢ አሉ።

አጎቴ የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው። የጉልምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው በአሰብ መንገድ ሲመላለሱ ሲሆን፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው መሪውን ለቀው ቤታቸው ገቡ። 12 ቀን ወስደን ልንጓዝ ተስማማንና አንድ ደንብ አወጣን፦ አላፊ አግዳሚን ለማስቆም ተብሎ የተሠራ እንግዳ ነገር ባየን ቁጥር እንቆማለን። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ሞልቷል። አውቶሞቢል በተስፋፋበት በ1920ዎቹ (ስለ አሜሪካ ነገሮች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባለ ነዳጅ ማደያው፣ ባለ ምግብ ቤቱና ባለ ሞተሉ በፍጥነት የሚያልፈውን ሾፌር ዐይን ለመያዝ ሲፎካከሩ፣ ሕንፃቸውን በሚሸጡት ዕቃ ቅርጽ መሥራትና በራቸው ላይ ግዙፍ ምስል ማቆም ልማድ ሆነ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው።

መስከረም 15 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ከአሌክሳንድሪያ የተነሣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የኋላው ወንበር ላይ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡናና የአጎቴ ደብተር ነበሩ። አጎቴ በአሰብ ዘመናቸው ያደርጉት እንደነበረው ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መጠንና የቆምንበትን ሰዓት በዚህ ደብተር ይመዘግባሉ፤ በየማደያው «ስንት ገባ?» ብለው ሳይጠይቁ ያለፉበት ጊዜ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቤድፎርድ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ደረስን። ከተማዋ ያለችው በሊንከን አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1913 ከኒውዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ እንዲዘረጋ የተቀየሰው፣ ለአውቶሞቢል ታስቦ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ የመጀመሪያው መንገድ ነው። እኛን ያስቆመን ግን ከመንገዱ ዳር የቆመ፣ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ያለው የቡና ማንቆርቆሪያ ነበር። አፍ አለው፣ እጀታ አለው፣ ክዳን አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው የሚገባበት በርና መስኮት። እ.ኤ.አ. በ1927 የነዳጅ ማደያ ባለቤት የሆነ ሰው ነዳጅ የሚቀዱ መንገደኞች ምሳ እንዲበሉበት ከማደያው አጠገብ ሠራው። በኋላ መጠጥ ቤት ሆነ፤ ቀጥሎ ተዘግቶ ለመፍረስ ተቃረበ፤ በመጨረሻም የአካባቢው ሰዎች ከመሠረቱ ነቅለው መንገዱን አሻግረው አሁን ያለበት ቦታ ላይ አቆሙትና አደሱት።

እኔ «ጋሼ፣ የዓለም ትልቁ ጀበና ይኸው» ስላቸው አጎቴ ዙሪያውን ቀስ ብለው ዞረው ተመለሱና «ጀበና አንገት አለው። ይህ ማንቆርቆሪያ ነው» ሲሉ አረሙኝ። ውስጡ ቡና እንደማይሸጥ ሲረዱ ደግሞ ፔርሙዙን ከመኪናው አምጥተው በማንቆርቆሪያው ጥላ ሥር ተቀመጡና ሁለት ስኒ ቀዱ። በደብተራቸው ላይም «4፡10፣ ቤድፎርድ፣ ቡና ከራስ» ብለው ጻፉ። ማታ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሊንግ አደርን።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ጠዋት ኦሃዮ ውስጥ ዜንስቪል ከተማ ያለውን ባለ ሦስት ጫፍ ድልድይ አየን። ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ላይ ስለተሠራ መሐሉ ላይ ሲደርስ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው በ1814 የተሠራ ሲሆን አሁን ያለው አምስተኛው ነው። የከተማው ሰው ለእንግዳ አቅጣጫ ሲነግር «ድልድዩ መሐል ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» እንደሚል ይቀለዳል፤ እኛም ሁለት ጊዜ ተመላልሰን በሦስቱም ጫፎች ወጣን። አጎቴ ድልድይ ላይ የትራፊክ መብራት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

የዚህ ቀን ዋናው ነገር ግን ከኒውአርክ ከተማ ወጣ ብሎ የቆመው ቅርጫት ነው። ከሩቅ ሲታይ ሰው ሜዳ ላይ ረስቶት የሄደ የገበያ ቅርጫት ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ሰባት ፎቅ ሕንፃ መሆኑን፣ የስፌቱ ክፍተት የመሰለው ሁሉ መስኮት መሆኑን ያያሉ። ዴቭ ሎንጋበርገር የተባለ የቅርጫት አምራች በ1997 ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እንዲሆን ያሠራው ሲሆን፣ ድርጅቱ ከሚሸጣቸው ቅርጫቶች የአንዱ 160 እጥፍ ሆኖ የተሠራ ግልባጭ ነው። ከአናቱ በላይ የቆሙት ሁለት እጀታዎች በአንድነት 150 ቶን ገደማ ይመዝናሉ፤ በክረምት በረዶ ተጋግሮባቸው ቁልቁል የመስተዋቱ ጣሪያ ላይ እንዳይወድቅ የሚያሞቃቸው መሣሪያም ተገጥሞላቸዋል። አጎቴ 150 ቶኑን ወዲያው በልባቸው አስልተው «ሰባት መኪና ከነተሳቢው» አሉ።

ሎንጋበርገር ሕንፃው በተሠራ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የቅርጫት ገበያውም ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ ሄደና በ2016 የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች ሕንፃውን ለቀው ወጡ። እኛ ስንደርስ ሰፊው የመኪና ማቆሚያ ባዶ ነበር፤ በአስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ሣር በቅሏል። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ክዳኑስ የታለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አገልግል ያለ ክዳን እንደማይሰፋ ከልጅነቴ አውቃለሁና ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረኝም።

ማታ ኮለምበስ በደረስንበት ሰዓት ደመራ ሊለኮስ ስለነበር በአገር ልጆች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከቆሙት መካከል ገባን። ደመራው ለከተማው እሳት ደንብ ሲባል ወገብ ላይ የደረሰ ትንሽ ነገር ነበር፤ አጎቴ ግን ወደየት እንደሚወድቅ እስኪለይ ድረስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

በመስቀል ቀን በኢንዲያና መንገድ ዳር ያለው ሜዳ በሙሉ ቢጫ አበባ ለብሶ ነበር። ዘንጉ ረዘም ያለ፣ አበባው ደቃቅ የሆነ የዚህ አገር አበባ ነው እንጂ አደይ አይደለም፤ ሆኖም ወሩም ቀለሙም ስለገጠመ አጎቴ መኪናውን አስቁመው ጥቂት ቀጠፉና ከፊት መስተዋቱ ሥር አኖሩት። አበባው እስከ ቴክሳስ አብሮን ተጓዘ።

ከሰዓት በኋላ ኢሊኖይ ውስጥ ኬሲ የምትባል፣ ሁለት ሺህ ተኩል ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት ከተማ ገባን። የከተማዋ ተወላጅና ነጋዴ የሆነ ጂም ቦሊን የሚባል ሰው ገበያው የቀዘቀዘባትን ከተማ ለማነቃቃት በ2011 አንድ ግዙፍ የነፋስ ደወል ሠራና የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ ከዚያም በኋላ እጁን አልሰበሰበም። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ 17 ሜትር ከፍታ ያለው የሚወዛወዝ ወንበር፣ ሰው በደረጃ ወጥቶ የሚገባበት የፖስታ ሣጥን፣ ግዙፍ እርሳስና ሌላም ሌላም አለ። ሐሳቡን አደንቃለሁ። ነገር ግን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ስንደርስ ዐይናችን መልመድ ጀመረ፤ ሁሉም ነገር ትልቅ ከሆነ ትልቅነቱ ራሱ መታየቱን ይተዋል። የፖስታ ሣጥኑን ግን ወደድኩት፤ እውነተኛ ደብዳቤ ይቀበላልና አጎቴ ለደሴ ቤተሰብ የጻፉትን ፖስት ካርድ ውስጡ ቆመው ጣሉት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ኤፊንግሃም ከተማ ከአውራ ጎዳናው ዳር የቆመውን 60 ሜትር ገደማ የሚረዝም ነጭ መስቀል ተሳለምን። ልኩ በእነርሱ መለኪያ 198 ጫማ ነው፤ 200 ካለፈ ለአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ የሚሆን መብራት መትከል ግድ ይሆናል።

መስከረም 18፣ እሑድ

ኮሊንስቪል ላይ በ1949 የተሠራ፣ በቲማቲም ድልህ ጠርሙስ ቅርጽ የታነጸ የውኃ ማማ አለ። ከነእግሩ 52 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሴንት ሉዊስን በመስኮት አይተን አለፍን ማለት ይቻላል፤ 192 ሜትር ቁመት፣ 192 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቅስት የሚደነቅ ሥራ ቢሆንም የእኛን ደንብ አያሟላም፤ ዝነኛ ሐውልት ነው እንጂ እንግዳ ነገር አይደለምና።

ከዚህ ጀምሮ የያዝነው መንገድ 66ን ነው። መንገድ 66 በ1926 የተሰየመ፣ ከቺካጎ ተነሥቶ በስምንት ክፍለ ግዛቶች አልፎ ሳንታ ሞኒካ የሚጨርስ፣ 3900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ነበር። «ነበር» የምለው ከ1956 ዓዋጅ በኋላ ሰፋፊዎቹ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ጎን ለጎን ስለተሠሩና በ1985 ከመንግሥት የመንገድ መዝገብ ስለተሠረዘ ነው። መቶ ዓመት የሚሞላው በ2026 ነው። የእንግዳ ነገሮች አገር እሱ ነው፤ ምክንያቱም ፈጣኑ መንገድ ሲከፈት በአሮጌው ዳር የቀሩት ባለ ሱቆች መኪና የሚያስቆሙበት ሌላ ዘዴ አልነበራቸውም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ሚዙሪ ውስጥ ፋኒንግ የተባለ መንደር ያለው ቀይ የሚወዛወዝ ወንበር ነው። ባለ ሱቁ በ2008 መንገደኛ እንዲቆምለት አሠራው፤ ወደ 13 ሜትር ይጠጋል፤ የዓለም ትልቁ ተብሎም ተመዘገበ። በ2015 ግን ትናንት ያየነው የኬሲው ወንበር መጥቶ ማዕረጉን ነጠቀው። የወንበሩ እግር ሥር ቆመን ቀና ብለን ስናይ አጎቴ «ሹመቱን የተነጠቀ ሰው ይመስላል» አሉ፤ እውነትም ይመስላል።

ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ሳንርቅ የኋላ ቀኝ ጎማችን ፈነዳ። የመኪናዬ ስኮርታ ከዋናው ጎማ በግማሽ የቀጠነ፣ ለአጭር መንገድ ብቻ የሚሆን ዓይነት መሆኑን አጎቴ ሲያዩ የተሰማቸውን ንቀት መደበቅ አልቻሉም። «ይቺ የጋሪ ጎማ ናት» ብለው ክሪኩን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ቡሎኖቹንም በመስቀልኛ ቅደም ተከተል እየፈቱ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቀየሩት። በሚሌ በረሃ የኤንትሬ ጎማ በጠራራ ፀሐይ ሲቀይሩ ውኃ የሚያቀብላቸው ረዳት እንደነበራቸው ነገሩኝ፤ የረዳቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ጎማ ስናስጠግን ግማሽ ቀን ሄደ። ካንሳስን አቋርጠን ያለፍነው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ መንገድ 66 በዚህ ክፍለ ግዛት የሚያልፈው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1923 የተሠራውን ባለ ነጭ ቅስት ድልድይ በእግር ተሻገርን።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

የጉዞው ሁሉ አውራ የሆነብኝን ነገር ያየሁት ዛሬ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ካቱሳ ከተማ አጠገብ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ኩሬ ላይ፣ 24 ሜትር ርዝመት ያለው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ራሱ ላይ ቆብ አድርጓል፤ ይስቃልም። የሠራው ሂዩ ዴቪስ የተባለ፣ በተልሳ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ኃላፊ ሆኖ የኖረ ሰው ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጡረታ በኋላ ብረት አጉብጦ፣ ሲሚንቶ በእጁ አቡክቶ ነው የገነባው። ምክንያቱም ሚስቱ ዜልታ ትናንሽ የዓሣ ነባሪ ምስሎችን ትሰበስብ ስለነበር ለጋብቻቸው መታሰቢያ ሊሰጣት ፈልጎ ነው። ለቤተሰብ መዋኛ ብቻ ያሰበው ነገር ግን የሠፈሩ ልጆች እየመጡ ስለዘለሉበት ለሕዝብ ተከፈተ፤ ባልና ሚስቱ ሲያረጁ በ1988 ተዘጋ፤ ቀለሙ ተላጦ፣ ኩሬው አረም ውጦት ከቆየ በኋላ የአካባቢው ሰዎች መልሰው አደሱት፤ በ2020 ደግሞ ከተማው ገዛው።

በአፉ ገብተን በሆዱ ውስጥ ሄድን። ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ልስላሴ የለውም፤ የማንኪያው መስመር፣ ሲሚንቶው ከመድረቁ በፊት መዳፍ ያለፈበት ጎርበጥባጣ ሁሉ በቀለሙ ሥር ይሰማል። በጎኑ የልጆች መንሸራተቻ፣ በጅራቱ ላይ መዝለያ አለ። አሁን መዋኘት ባይፈቀድም አንድ አባት ልጁን መንሸራተቻው አፋፍ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳ ነበር። አጎቴ «ዮናስ ሦስት ቀን ያደረው እንዲህ ባለው ቢሆን ኖሮ ለመውጣት ባልቸኮለም» ብለው ከጅራቱ ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ፤ አንድ ሰዓት ያህልም አልተነሣንም። በኬሲ ያጣሁት ምን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የኬሲው ወንበር የሚለካው ከሌላ ወንበር ጋር ነበር፤ ዴቪስ ዓሣ ነባሪውን ሲሠራ ግን የሚያስበው ስለ አንዲት ሴት ፈገግታ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አርካዲያ የሚባል መንደር ስንደርስ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ቀይ ክብ ጎተራ ፎቶ ያነሳሉ። በ1898 ዊልያም ኦዶር የተባለ ገበሬ እርጥብ የባሉጥ እንጨት ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ እያጎበጠ የሠራው ነው፤ ክብ ቤት አውሎ ነፋስን ይቋቋማል ብሎ ያምን እንደነበር ይነገራል። አጎቴ የፎቶ አንሺዎቹ ግርግር አልገባቸውም፤ ክብ ቤት ውስጥ ተወልደው በክብ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ለተነሣ ሰው ብርቅ የሚሆነው ባለ አራት ማዕዘኑ ነው። ነገር ግን ጣሪያው በ1988 ወድቆ እንደነበርና አንድ ጡረተኛ አናጺ በዕድሜ የገፉ ወዳጆቹን አስተባብሮ እንዳነሣው ስነግራቸው ገብተው ወራጆቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ከዚያው አጠገብ በ2007 የተሠራ፣ 20 ሜትር የሚሆን የለስላሳ ጠርሙስ ሲመሽ ቀለም እየቀያየረ ይበራል። ይበራል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ግሩም የምትባል ከተማ ስደርስ ስሟን ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ፤ ምናልባት በአማርኛ እንዲህ የተመሰገነች የቴክሳስ ከተማ ሌላ አትኖርም። እዚህ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ ሁለት እግሮቹ ከመሬት የተነሡ የውኃ ማማ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ባለቤቱ የከባድ መኪና ማረፊያ ነበረው፤ ያገለገለ ማማ ገዝቶ ሆን ብሎ አዘመመው። የሚያልፉ ሾፌሮች «ሊወድቅባችሁ ነው!» እያሉ ለማስጠንቀቅ ሲገቡ ምሳና ነዳጅ ይሸጥላቸው ነበር። ማረፊያው ከተቃጠለ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ማማው ግን እስካሁን እንዳዘመመ ነው። አጎቴ ከልባቸው ያደነቁት ይህንን ነው። ሾፌር በምን እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው አሉኝ፤ በራሱ ችግር የማይቆም ሾፌር ለሌላው ሰው ችግር ይቆማልና።

ጥቂት አለፍ ብሎ በ1995 የተተከለው 58 ሜትር ገደማ የሚሆን መስቀል አለ። የኤፊንግሃሙ በጥቂት ጫማ እንዲበልጠው ሆኖ በ2001 ተሠርቷልና ይህም እንደ ፋኒንጉ ወንበር ማዕረጉን ያጣ ነው። ዕለቱ የግሸን ማርያም ነበር። የአምባሰል ሰው የሆኑት አጎቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሩቅም ቢሆን ወደ መስቀለኛው አምባ ዞረው ይሳለማሉ፤ በዚህ ሜዳ ላይ ግን ምሥራቁ የት እንደሆነ እኔን መጠየቅ ነበረባቸው። በስልኬ አየሁና ጠቆምኳቸው፤ ጀርባቸውን ለትልቁ መስቀል ሰጥተው ወደ ምሥራቅ ተሳለሙ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ከአማሪሎ ምዕራብ አሥር ካዲላክ መኪኖች በአፍንጫቸው ተተክለው በተርታ ቆመዋል። በ1974 አንት ፋርም የተባለ የጥበበኞች ቡድን በአማሪሎው ባለጸጋ በስታንሊ ማርሽ ገንዘብ የተከላቸው ሲሆን፣ መኪኖቹ ከ1949 እስከ 1963 የተሠሩ ሞዴሎች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ይዞ የሄደ ሰው የጅራታቸው ክንፍ በየዓመቱ እንዴት እየረዘመ እንደሄደ፣ በኋላም እንዴት እንደጠፋ ያያል። ከተማው እየሰፋ ሲደርስባቸው በ1997 ነቅለው ወደ ምዕራብ ራቅ አድርገው እንደገና ተከሏቸው። ጎብኚው ሁሉ በሚረጭ ቀለም እንዲጽፍባቸው ተፈቅዷል፤ በዛሬው ጽሑፍ ላይ የነገው ስለሚያርፍ የቀለሙ ውፍረት ቆርቆሮውን ሸፍኖ አንዳንድ ቦታ አብጧል። ከመሬት ያነሣሁት አንድ ፍንካች እንደ ሽንኩርት በድርብርብ የተሠራ ነበር፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ እንደገና ቢጫ።

አጎቴ መጀመሪያ ተቆጡ። ሞተር ከነነፍሱ መቅበር ነውር ነው አሉ። በኋላ ግን ሰው ጥሎት የሄደውን ባለ ቢጫ ቀለም ጣሳ አንሥተው ነቀነቁት፤ ጥቂት ቀለም ቀርቶት ነበር። ወደ አራተኛው መኪና ቀርበው በትላልቅ ፊደል «አሰብ» ብለው ጻፉና ወደ ኋላ ተመልሰው አዩት። ጎናቸው ቆማ የነበረች አንዲት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችን፤ ወደብ ነው አልኳት። እኛ ከመውጣታችን በፊት ሌላ ሰው ሮዝ ቀለም ይዞ «ሰ»ን ግማሽ አጥፍቶት ነበር፤ አጎቴም ይህን አይተው ምንም አልተናገሩም።

ኤድሪያን ላይ ወደ ቺካጎም ወደ ሎስ አንጀለስም እኩል 1139 ማይል እንደቀረ የሚናገር ምልክት አለ። ደብተሩ ላይ ተመዘገበ።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ከተኩምኬሪ እስከ አልበከርኪ ነዳን። ልብስ አጠብን፤ ተኛን።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

አሪዞና ውስጥ ሆልብሩክ ከተማ ያደርነው በሲሚንቶ ድንኳን ውስጥ ነው። ሞተሉ በ1950 የተሠራ ሲሆን፣ ክፍሎቹ የሜዳው አገር ነባር ሕዝቦች በሚተክሉት ሹል ድንኳን አምሳል የተሠሩ 15 ነጫጭ ጎጆዎች ናቸው። ቅርጹን መጀመሪያ ያወጣው ፍራንክ ሬድፎርድ የተባለ የኬንታኪ ሰው ሲሆን፣ የሆልብሩኩ ባለቤት ቼስተር ሉዊስ ለንድፉ የከፈለው በሚገርም መንገድ ነበር። በየክፍሉ 10 ሳንቲም ሲገባበት ግማሽ ሰዓት የሚዘፍን ሬዲዮ አስቀመጠና ሬዲዮው የሰበሰበውን ሳንቲም ሁሉ ለሬድፎርድ ላከለት። በታክሲ ሜትር ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ውል በጣም ይገባዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል ቁመቴን ረስቼ ስነሣ ግንባሬን ሁለት ጊዜ መታሁት። አጎቴ እንደ ቤታቸው ተኙ።

መስከረም 25፣ እሑድ

ወደ ኦትማን የሚወስደው አሮጌ መንገድ ኩርባው ጠባብ፣ ገደሉ ቅርብ፣ መከላከያ የሚባል ነገር የሌለው ነው። አጎቴ መንጃ ፈቃድ ስለሌላቸው መሪውን ልሰጣቸው አልቻልኩም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ እንደሚወርዱ ሁሉ ግን በየኩርባው «ማርሽ ቀንስ፤ ፍሬን አትመን» እያሉ አወረዱኝ። መኪናዬ አውቶማቲክ መሆኑን ደጋግሜ ብነግራቸውም ምክራቸው አልተለወጠም።

ኦትማን የወርቅ ማዕድን ከተማ ነበረች። ማዕድኑ ሲያልቅ ሰዎቹ አህዮቻቸውን እየለቀቁ ሄዱ፤ አህዮቹም በተራራው ተዋለዱ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በየቀኑ ወርደው በዋናው መንገድ መሐል ይንጎራደዳሉ። በ1971 የወጣ ሕግ ስለሚጠብቃቸው ማንም አይነካቸውም፤ ሱቆቹም ለጎብኚው የአህያ መኖ ይሸጣሉ። ግልገሎቹ ግንባር ላይ «አታብሉኝ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ደረቁ መኖ ስለሚያንቃቸው ነው።

በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ አህያ ያለው በኢትዮጵያ ነው፤ ከዚያ አገር መጥቶ አህያ ለማየት ገንዘብ መክፈል መጀመሪያ አሳፈረኝ። አጎቴ ግን ዋጋውንም አልጠየቁም። አንዲት ዳማ አህያ ወደ እሳቸው መጥታ ራሷን ክንዳቸው ሥር ስታስገባ፣ እጃቸውን ከማጅራቷ ጀምረው እስከ ወገቧ ድረስ በቀስታ አሳለፉ። ከዚያ ወደ ሌላው ሄዱ፤ ያንንም እንደዚሁ ዳሰሱት። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ። «ገጣባ የለባቸውም» አሉኝ። «አንዱም ላይ የለም። ጠባሳ እንኳ።» በአሰብ መንገድ ዳር ጨው ተጭኖ የሚሄድ አህያ ስንት እንዳዩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ገዝተን የያዝነው መኖ አልቆ ሁለተኛ ከረጢት ገዛን፤ ከከተማዋ የወጣነው የሱቆቹ በር ሲዘጋ ነው።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ከሞሃቪ በረሃ ዳር፣ ኦሮ ግራንዴ በሚባል ቦታ፣ ኤልመር ሎንግ የተባለ ሰው ከብረት ቧንቧ የሠራቸው ከ200 የማያንሱ ዛፎች አሉ፤ ቅጠላቸው ጠርሙስ ነው። ጠርሙሶቹን መሰብሰብ የጀመረው ከአባቱ ጋር በልጅነቱ ነበር፤ እሱ በ2019 አርፏል፤ ዛፎቹ ግን ነፋስ ሲመጣ ያፏጫሉ። ጥቂት ቆመን አዳመጥን።

ሳንታ ሞኒካ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከባሕሩ ድልድይ ላይ «የመንገዱ ፍጻሜ» የሚል ምልክት ቢኖርም ምልክቱ በ2009 ለጎብኚ የተተከለ ነው፤ መንገድ 66 በይፋ ያልቅ የነበረው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የሊንከንና የኦሎምፒክ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ ላይ ነው። አጎቴ ደብተራቸው ትክክል እንዲሆን ስለፈለጉ እዚያም ሄድን፤ ከ4500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ነበር፤ ቁጥሩን በመኪና ጥሩምባ መሐል ቆመው ጻፉት።

ልጃቸው የቀጠረችን በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው መንደር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ነበር። እሷ እስክትደርስ ቡና አዘዝን። ዕጣን ተጨሰ፤ ጀበናው ከነማቶቱ መጥቶ አጎቴ ፊት ተቀመጠ። ሳይነኩት ጥቂት አዩት፤ አንገቱን፣ አፉን፣ ጥቁሩን ሆዱን።

«ይቺስ ልኳ ናት» አሉና ስኒውን አቀረቡ።

ሁለተኛው ሲቀዳ ልጃቸው ገባች። ሦስተኛው ሲቀዳ ደግሞ ለመኪና ማቆሚያው የከፈልኩት ሰዓት ማለቁ ትዝ አለኝ፤ ልነሣ ስል አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ፤ «በረካው አልወረደም።»